አምስት እግር ያላት ጢንዚዛ

ጎረቤቴ ትራውጎት ሲናደድ ጆሮው ይቀላል። ፊቱ እንዳለ ነው፣ እጁም አይንቀጠቀጥም፤ ጆሮው ብቻ። እኔ ከአጥሩ በዚህ በኩል ሆኜ ጆሮውን አይና ከሥራ ምን ይዞ እንደመጣ አውቃለሁ። ትንሽ ቀላ ካለ ቀለም በእሳት ተበላሽቶበታል ማለት ነው። ደህና አድርጎ ከቀላ አለቃ ተናግሮታል። የዚያን ዓመት ግን እንደ ቀይ ሥር ሆኖ ከፋሲካ እስከ መስከረሙ የቅዱስ ሚካኤል ገበያ ድረስ አንድም ቀን አልነጣም። ሚስቱ ሲቢላ ሻማ መግዛት የተውነው በእሱ ጆሮ ነው ትል ነበር።

ሁለታችንም የምንሠራው በልዑላችን የፖርሴሊን ቤት፣ ነጭ የሸክላ ዕቃ በሚሠራበት ነው። እሱ ከላይ፣ በአበባ ሠዓሊዎቹ ክፍል፤ እኔ ከታች፣ ከድርቆሹ ጋር። እነሱ የሳሉትን እኔ በድርቆሽ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ አስተኛለሁ። በከተማችን በግሩንባህ ሰው ስለ እኔ ሲጠየቅ፣ «ቬንዴል? ስኒ ያስተኛል» ይላል። ይበሉ። ስኒ ከልጅ ይሻላል፤ ካስተኙት አይነቃም።

ከወንዙ ማዶ ሆሄንሮድ አለ። ሌላ ልዑል፣ ሌላ ሕግ፣ ሌላ የፖርሴሊን ቤት። ወንዟማ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው የሚሻገሯት ናት። ድልድዩ ላይ ግን የእነሱ ዘበኛና የእኛ ዘበኛ ፊት ለፊት ተቀምጠው የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ገልብጠው ያያሉ። ሶሉ ላይ ስኒ የሚሠራበት ነጭ አፈር የተገኘበት ሰው ምስጢር ሊያሾልክ ነው። አንድ ጊዜ ወፍጮ ቤት የሚሠራ ምስኪን ጫማው ዱቄት ነክቶት ግማሽ ቀን ታስሮ ዋለ፤ ጫማውን ጋግረው እስኪያረጋግጡ ድረስ። እነሱ እኛ የሳልነውን ጽጌረዳ ይሰርቃሉ፣ እኛ እነሱ የሳሉትን ወፍ እንሰርቃለን፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ሁላችንም በየቤተ ክርስቲያናችን ተቀምጠን አትስረቅ የሚለውን አንገታችንን እየነቀነቅን እንሰማለን።

የትራውጎት ነገር የተጀመረው በአንዲት ነጥብ ነው።

ገና ያልተሳለበት ነጩ ስኒ በትልቁ እቶን ሲጋገር አንዳንዴ አመድ ወይም የብረት ብናኝ ይወድቅበትና የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ ትቀርበታለች። እንዲህ ያለውን ስኒ ያገኘ ሠዓሊ መመለስ አለበት። ከሥሩ ያለው የልዑሉ ሰማያዊ ምልክት ላይ ጭረት ይደረግበትና ሁለተኛ ደረጃ ይሆናል፤ የከተማው ሰው ይገዛዋል። እኔ ራሴ ጠዋት ጠዋት የምጠጣው በተጫረ ስኒ ነው። ሠዓሊው ሁሉ ሥራ ሲጀምር መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጁን ጭኖ፣ ነጥብ ያለበትን ነጭ እመልሳለሁ፣ አልሸሽግም ብሎ ይምላል። ትራውጎትም ምሏል።

ታዲያ አንድ ጊዜ ለአንዲት ባላባት እመቤት የተሠራ የቡና ዕቃ አንድ ስኒ ጎደለው። ትልቁ እቶን ለጥገና ጠፍቷል፤ ሌላ ነጭ የለም። የእመቤቲቱ ሠረገላ ግቢው ውስጥ ቆሞ ፈረሶቹ መሬት ይጭራሉ። የቀረችው አንዲት ስኒ ደግሞ እጀታዋ አጠገብ፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ነጥብ አለባት። ትራውጎት ነጥቧን አየ፣ ሠረገላውን አየ፣ ብሩሹን አነሳ። ነጥቧ ላይ ጢንዚዛ ሳለባት። ቀይ ጀርባ፣ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ጥቁር ጠብታ፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስድስት እግሮች። ስኒዋ በትንሹ የቀለም እቶን ገብታ ስትወጣ ያቺ ነጥብ ከጠብታዎቹ አንዷ ሆና ቀረች።

እኔ ስኒዋን ላስተኛት ስል ጢንዚዛዋ ጣቴ ላይ የወጣች መስሎኝ እፍ አልኳት። እሱ ደረጃው ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር።

«አትበርም» አለኝ።

«አንተ!» አልኩት። «ከምንህ አመጣሃት?»

«ዝም ብለህ አስተኛት።»

አስተኛኋት። ስኒዋም ሄደች፣ ነገሩም ተረሳ።

አሁን አንድ ነገር ልናገር፣ አለዚያ የጆሮው ነገር አይገባም። የሠዓሊዎች አለቃ የሆነ ሰው ከሥራው በታች፣ ከልዑሉ ምልክት አጠገብ፣ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ይጽፋል። ሌላው ሠዓሊ ዕድሜ ልኩን ቢስል ምንም አይጽፍም። ትራውጎት ፀጉሩ ጥቁር ሳለ ጀምሮ የሚፈልገው ያቺን አንድ ፊደል ነው። የተሻለ ወንበር ነው፣ የተሻለ መስኮት ነው፣ ያ ሁሉ አለ፤ እሱ ግን ስለ ወንበርና ስለ መስኮት ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። «ስሞት» ይላል፣ «አንድ ሰው የሆነ አገር ስኒውን ጠጥቶ ጨርሶ ይገለብጠውና፣ ይሄ ማነው ይላል።» የድሮው አለቃ በጾሙ መካከል ሲሞት፣ ከተማው ሁሉ ወንበሩ የትራውጎት ነው አለ። ሲቢላ ለባሏ ለእሑድ የሚሆን አዲስ ኮት ልኬት እስከ ማስወሰድ ደረሰች።

ከዚያ ዲሬክተራችን ጌታ ሆልቫይን ከላይፕሲግ የፋሲካ ገበያ ተመለሱ።

ያልተሸጠውን ሳጥን ተሸክሜ ወደ ላይ ስወጣ እሳቸው የሠዓሊዎቹ ክፍል መካከል ቆመው ነበር፤ ቆባቸውን እንኳ አላወለቁም። በእጃቸው አንዲት ስኒ ይዘዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

እኔ እንደ ሞኝ፣ «ስኒ ነው ጌታዬ» አልኩ።

«የማን ስኒ?» ገለበጡት። የሆሄንሮድ ምልክት። «ተሰልፈው ነው የሚገዙት! ባላባት ሴቶች፣ በዝናብ፣ ተሰልፈው! ‹ጢንዚዛ ያለባት፣ ጢንዚዛ ያለባት› እያሉ! የእኛ ጠረጴዛ ላይ ዝንብ እንኳ አላረፈም። ዝንብ! እስቲ ንገሩኝ፣ እኛ ለምንድን ነው ጢንዚዛ የሌለን?»

ስኒዋ ከእጅ ወደ እጅ ዞራ ትራውጎት ጋር ደረሰች። እጀታዋ አጠገብ፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ላይ፣ ቀይ ጀርባ፣ ጥቁር ጠብታ። ትራውጎት ወደ መስኮቱ ዞሮ ብዙ አያት። ጆሮው ከጫፉ መቅላት ጀመረ።

«አምስት እግር ነው ያላት» አለ።

«ምን?»

«ጢንዚዛ ስድስት እግር ነው ያላት ጌታዬ። ይቺ በቀኝ ሦስት፣ በግራ ሁለት ነው።»

«ገዢ እግር አይቆጥርም! እንዲያውም ቆጥረውታል፤ አምስት እግር ያላት ዕድል ታመጣለች እያሉ ነው። እንዳለች ትቀዳለች። ከነአምስት እግሯ!»

ማታ እራት ላይ የነበረውን ጭቅጭቅ በአጥሩ በኩል ሰማሁት። ሰማሁት ስል ጆሮዬን አጥሩ ላይ ለጥፌ አይደለም፤ ሲቢላ ስትናገር ማዶ ሆሄንሮድም ይሰማል።

«ዲሬክተሩን የኔ ናት በለው!»

«ልበለውና፣ ‹መቼ ሳልካት› ቢለኝስ?»

«ለእመቤቲቱ የሳልኳት ናት በለው።»

«ለምን ሳልካት ቢለኝስ? አበባ ነው የታዘዝከው፣ ጢንዚዛ ከየት መጣች ቢለኝ? ማልኩ፣ ከዚያ መሐላዬ ላይ ጢንዚዛ ሳልኩበት ልበለው?»

«የሳልከው አንተ፣ የምትሰረቀው አንተ፣ የምትቀዳው አንተ!» ሳህን ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ፤ ደህና ተደርጎ ነው የተቀመጠው። «ብላ። የድንቹ ድብልብል ቀዘቀዘ።»

እኔ በበኩሌ ጠዋት ስንገናኝ ላጫውተው ብዬ፣ «ቢያንስ ከማን እንደምትቀዳ ታውቃለህ፤ ጥሩ ሠዓሊ ነው ይባላል» አልኩት። ለሦስት ቀን አላናገረኝም።

በሦስተኛው ቀን ደግሞ የባሰ መጣ። ጠዋት ከሆሄንሮድ በኩል የሚመጣው የድርቆሽ ጋሪ ግቢ ገባና ማራገፍ ጀመርኩ። መንሼን ልሰካ ስል ድርቆሹ አነጠሰ። በሥራዬ ዘመን ከድርቆሽ ውስጥ ብዙ ነገር አውጥቻለሁ፤ ሰው ግን አላወጣሁም ነበር። ወፍራም ሰውዬ፣ ሰው ሠራሽ ፀጉሩ ወደ ጎን ዞሮ ጆሮው ላይ ቆሟል፣ የኮቱ ጀርባ ሁለት ቦታ ተበስቷል፤ የድልድዩ ዘበኛ ጋሪውን ወጋ ወጋ ሲያደርግ ያገኘው ነው።

«እንኳን ደህና መጡ» አልኩት። «ሙሉ ነዎት ወይስ የተሰበረ አለ?»

«ዲሬክተር ሆልቫይን ጋ ውሰደኝ» አለ፣ ከአፉ ድርቆሽ እየተፋ። «እኔ ኤርድማን ነኝ።»

«የትኛው ኤርድማን?»

«የጢንዚዛው!»

ዲሬክተሩ በድብቅ አባብለው ያስኮበለሉት ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ ሁላችንንም ሰብስበው፣ የጢንዚዛው ጌታ ከዛሬ ጀምሮ የእኛ ነው፣ የሠዓሊዎች አለቃም እሱ ነው ብለው አወጁ። እኔ ኤርድማንን አላየሁም፣ ዲሬክተሩንም አላየሁም። ወደ ትራውጎት ጆሮ ነው ያየሁት። ሲቢላም ልብስ ሰፊው ጋ ሄዳ ኮቱ ይቅር አለች።

ኤርድማን ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር። ነገር ግን መናገር ይወዳል። በመጀመሪያው ሳምንት ሠዓሊዎቹን አቁሞ ጢንዚዛዋ ለምን እጀታው አጠገብ እንደምትቀመጥ አስረዳቸው። ዓይን በእጀታው በኩል ይገባል፣ ጢንዚዛዋ ላይ ትንሽ ያርፋል፣ ከዚያ ወደ አበባው ይሄዳል፤ ሌላ ቦታ ብትቀመጥ ስኒው ሚዛኑን ይስታል አለ። ትራውጎት ይህን ሁሉ ቆሞ ሰማ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ሳለ፣ ስድስት እግርም አደረገላት። ያልተጋገረ ቀለም በጣት ይጠፋል፤ ኤርድማን በኋላው ሲያልፍ ጣቱን በምላሱ አርሶ አንዷን እግር ጠረጋት።

«አምስት ነው ወንድሜ።»

ትራውጎት መልሶ ሳላት። ኤርድማን መልሶ ጠረጋት። እንዲህ ሲባባሉ አንድ ሳምንት አለፈ፤ የኤርድማን አፍ ቀለም የሚበጠበጥበትን የላቫንዳ ዘይት ይሸት ጀመር።

እኔ ሰው ሲጣላ አልወድም፤ ሲጣላ ማየት እንጂ። ስለዚህ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኤርድማንን ጠራሁት። ግቢዬ ውስጥ ከሰል አቀጣጥዬ ቋሊማ ጠበስኩ፣ ቢራ አስመጣሁ፣ ትራውጎትንና ሲቢላንም በአጥሩ በኩል ጠራሁ። ትራውጎት የመጣው ሲቢላ በክርኗ እየገፋችው ነው።

ሁለተኛውን ቢራ ጀመርን። ከዚያ ትራውጎት፣ «የመጀመሪያዋን ከየት ነው የቀዳኸው?» አለው።

«እሷማ የናንተው ናት፣ ምን ትጠይቀኛለህ» አለ ኤርድማን፣ ቋሊማውን እየነከሰ። «አንዲት የባላባት ቤት ገረድ ጠርዙ የተሸረፈ ስኒ አምጥታ ለማዶው ዲሬክተራችን ሸጠችለት። በእጀታውም በኩል ልባሱ ተልጦ አንዷን እግር ይዟት ሄዷል። እንዳለች ቅዳ አለኝ። እንዳለች ቀዳሁ።»

«ስለዚህ አምስት!» አለች ሲቢላ።

«ስለዚህ አምስት። ሠዓሊውን ግን አንድ ቀን ባገኘው እል ነበር። እውነቴን ነው። በዚያች ጢንዚዛ ነው እጄን ያረቅኩት። እዚህ ስመጣ መጀመሪያ የጠየቅሁት እሱን ነው፤ ዲሬክተር ሆልቫይን እኛ ቤት ጢንዚዛ የሳለ ሰው የለም አሉኝ። ሞቶ ይሆናል።»

«አልሞተም» አልኩ እኔ። «ትራውጎት፣ ሰናፍጩን አቀብለው።»

ኤርድማን ሰናፍጩን ሊቀበል እጁን ዘርግቶ ትራውጎትን አየው። ጆሮውንም አየው። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ።

«አንተ ነህ?»

ትራውጎት ሰናፍጩን ወደ እሱ ገፋው።

«በፈጠረህ! አንተ ነህ?» ተነስቶ ሊያቅፈው ደረሰ፣ ሆዱ ጠረጴዛውን ገፋው፣ ቢራው ተንቀጠቀጠ። «እሺ ንገረኝ፣ እጀታው አጠገብ ማስቀመጥ እንዴት መጣልህ? ሌላ ሰው መሐል ላይ ነበር የሚሰካት። ይሄ የሊቅ ሥራ ነው!»

«ነጥብ ነበረች።»

«ምን ነጥብ?»

«የእቶን ነጥብ። እዚያ ጋ ጥቁር ነጥብ ነበረች፤ ሸፈንኳት።»

ኤርድማን መጀመሪያ ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ እንባው እስኪፈስ፣ እኔንም አሳቀኝ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ፤ ያን ሁሉ ሰው ሰብስቦ ስለ ዓይን መግባትና መውጣት ያስተማረው ትዝ ብሎት መሰለኝ። ቁጭ አለ።

«ለዲሬክተሩ ንገርልኝ» አለ ትራውጎት። «አንተ ብትናገር ያምናሉ።»

«አምንሃለሁ ወንድሜ። ሙሉ በሙሉ አምንሃለሁ።»

«ንገርልኛ።»

«ከተጠየቅሁ ግን አላውቅም ነው የምለው።» ሳህኑን እያየ ነው የሚናገረው። «ጢንዚዛዋ ያንተ ከሆነች እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ? ያስወጡኛል። ማዶ ብመለስ ደግሞ የኮበለለ ሠዓሊ ነኝ፤ ምሽግ ውስጥ ነው አስረው የሚከቱኝ። ሚስቴንና ልጆቼን በሚቀጥለው ወር ነው የማስመጣው። ምን ላድርግ? አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?»

መልሱን የሰጠችው ሲቢላ ናት፤ የቀረውን ቋሊማ ከኤርድማን ሳህን ላይ በጣቷ አንስታ ወደ ባሏ ሳህን መለሰችው። ቋሊማው የኔ እንደነበር ማንም አላስታወሰም።

ሰኞ ጠዋት ትራውጎት ዲሬክተሩ ቢሮ ገባ። እኔም ገባሁ፤ ለልዑሉ እህት የሚላከውን ሳጥን እሳቸው ፊት እንድዘጋ ታዝዤ ስለነበር መዶሻና ሚስማር ይዣለሁ። ትራውጎት ሁሉንም ተናገረ። ነጥቧን፣ ሠረገላውን፣ ብሩሹን፣ መሐላውን። እንደዚያ ረጅም ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሚስማር መምታት ትቼ ቆምኩ።

ጌታ ሆልቫይን አላቋረጡትም። ሲጨርስ መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ።

«ትራውጎት፣ ሁለት ነገር ነገርከኝ» አሉ። «አንደኛ፣ ጢንዚዛዋ ያንተ ናት። ሁለተኛ፣ እኛ ነጥብ ያለበትን ስኒ አንደኛ ደረጃ ብለን ለባላባት ሸጠናል። አንደኛውን ካመንኩህ ሁለተኛውንም ማመን አለብኝ አይደል?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ሁለተኛውን ካመንኩ መሐላ ያፈረሰ ሠዓሊ ማባረር አለብኝ። ወሬው ሆሄንሮድ ይደርሳል። ላይፕሲግ ላይ ጠረጴዛቸው ላይ ወጥተው፣ የግሩንባህ ስኒ ሁሉ ከአበባው ሥር ነጥብ አለበት እያሉ ይጮሃሉ። እኔ ብሆን እንደዚያ ነው የማደርገው። ጢንዚዛ ሰርቀን ወሰድን መባል ግን ምንም አይደለም። ሁሉም ይሰርቃል።»

«ጌታዬ፣ እኔኮ...»

«ስለዚህ አልሰማሁህም። ቬንዴልም አልሰማህም። ሰምተሃል ቬንዴል?»

«ምኑን ጌታዬ?» አልኩ። ምን ልበል? መዶሻዬን አነሳሁ።

ትራውጎት በሩ ጋ ደርሶ ዞረ። «እሺ፣ እግሯን ብቻ» አለ። «ስድስት ላድርጋት።»

«አምስት» አሉ ጌታ ሆልቫይን።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ትራውጎት መሐላውን ጠበቀ። እንዲህ ስል ጥሩ ነገር ያደረገ ይመስላል። ነጭ ስኒ ሲመጣለት መስኮቱ ጋ ወስዶ በብርሃን ያገላብጠዋል፤ እኔና አንተ በአጉሊ መነጽር የማናያትን ነጥብ ያገኝበታል፤ ይመልሰዋል። ሌሎቹ ሠዓሊዎች አንዳንዱን ነጥብ ቅጠል ጣል እያደረጉበት ያልፉት እንደነበር ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። አሁን ግን እሱ አጠገባቸው ተቀምጦ እየመለሰ እነሱ ማሳለፍ ፈሩ። እነሱም ይመልሱ ጀመር። የተጫረ ስኒ ግቢው ውስጥ እንደ ድንች ተከመረ። ከተማው ሁሉ ስኒ ገዝቶ ጠገበ፤ የጎረቤት አሳማ እንኳ የልዑሉ ሰማያዊ ምልክት ካለበት ሳህን ይበላ ጀመር። እኔ ታች ድርቆሼ ላይ ተቀምጬ ባዶ ሳጥኖቼን አያለሁ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት አንድ ቀን።

«የማልኩትን።»

«እነሱ እኮ ይህን ያህል አልጠየቁህም።»

«እኔም ያን ያህል አልጠየቅኋቸውም። አንድ ፊደል ነበር የጠየቅሁት።»

በልቤ እንዲሳካለት ፈልጌ ነበር። ነገሩም የሚሳካ ይመስል ነበር። የቅዱስ ሚካኤል ገበያ ሊደርስ ሰሞን ዲሬክተሩ መጋዘኑን ከፍተው መደርደሪያው ግማሽ በግማሽ ባዶ ሆኖ አዩት። ቀጥታ ወደ ሠዓሊዎቹ ክፍል ወጡ። እኔም ሳጥን የያዝኩ መስዬ ከኋላ ተከተልኩ።

«ነጩ የት አለ?» አሉ።

«ተመለሰ ጌታዬ» አለ ኤርድማን። «ነጥብ አለበት።»

ከተመለሰው አንዱን አንስተው ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ይቺ? ይቺ ናት ነጥብ? ይቺን እኮ...» ቆሙ። ትራውጎት ብሩሹን አስቀምጦ ቀና አለ። አሁን ይሉታል አልኩ በልቤ፤ አሁን ‹ትራውጎት ልክ ነበርክ› ይሉታል።

የጌታ ሆልቫይን ፊት ቀስ ብሎ በራ።

«ይሄን ማንም እስከ ዛሬ አላሰበውም?» አሉ። «ሸፍኗታ! ጢንዚዛ ሳሉባት! ነጥቧ ባለችበት፣ ላይም ትሁን ታችም፣ ጢንዚዛ አስቀምጡባት! የሆሄንሮድ ጢንዚዛ አንድ ቦታ ነው የምትቀመጠው፤ የእኛ እንደልቧ ትሄዳለች! አዲስ ነገር ነው! ኤርድማን፣ እንዴት ነው ሐሳቡ?»

ኤርድማን አሳለው። አሁንም አሳለው። ትራውጎትን አየው፣ ወለሉን አየ።

«ግሩም ሐሳብ ነው ጌታዬ» አለ።

«መሐላውስ ጌታዬ?» አለ ትራውጎት። ድምፁ እንደ ወትሮው ነው።

«መሐላው ነጥብ አትሸሽጉ ነው የሚለው። ይሄ መሸሸግ አይደለም፣ ማስጌጥ ነው። እኔ ዲሬክተር ሆኜ ካዘዝኩ ማስጌጥ ነው።» እጃቸውን እያሻሹ ወደ በሩ ሄዱ። «ለልዑሉ ራሴ እነግራቸዋለሁ። በጣም ነው ደስ የሚላቸው።»

«ስንት እግር?» አለ ትራውጎት ከኋላቸው።

«አምስት ነዋ! ገዢው የሚያውቀው አምስቱን ነው።»

በሩ ተዘጋ። ማንም አልሳቀም። ኤርድማን በጠረጴዛዎቹ መካከል አልፎ ትራውጎት ጋ መጣና አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ትራውጎት ባለ ነጥቡን ስኒ አንስቶ ጀርባውን ሰጠው። ነጥቧ ከስኒው ጠርዝ አጠገብ ነበረች። ቀይ ጀርባ፣ ጥቁር ጠብታ፣ በቀኝ ሦስት እግር፣ በግራ ሁለት።

በዚያ ሳምንት ያለ እረፍት ሳጥን ሞላሁ። ጢንዚዛው በየቦታው ነው፤ አንዱ ሳህኑ መሐል፣ አንዱ የማንቆርቆሪያው አፍንጫ ላይ፣ አንዱ እጀታው ውስጥ ተደብቆ። እየገለበጥኩ አይቻቸዋለሁ። ከሥራቸው የልዑሉ ምልክት፣ ጭረት የለበትም፤ ከምልክቱ አጠገብ የኤርድማን ፊደል። ከላይፕሲግ የመጣው ወሬ እንደሚለው ደግሞ ባላባት ሴቶቹ በዝናብ ተሰልፈው፣ «እንደልቧ የምትሄደዋን» እያሉ ነው የገዙት።

ወሬው በደረሰ ዕለት ከሰዓት በኋላ ትራውጎት ግቢው ውስጥ እንጨት ይፈልጥ ነበር። ሲቢላ ለክረምቱ የሚበቃውን ከወር በፊት አስፈልጣ ደርድራለች፤ እሱ ሌላ ግንድ አስመጥቶ ነው። ፍልጡ አጥሩን አልፎ የእኔ ጎመን ላይ ያርፋል።

«ትራውጎት፣ ግንዱ ምን በደለህ?» አልኩት።

«ዝም በል ጎረቤት።»

«ስኒዎቹ ሁሉ ተሸጠዋል አሉ።»

«ሰምቻለሁ።»

«አንድ ሳይቀር።»

«ሰምቻለሁ አልኩህ!»

ሲቢላ በመስኮት ብቅ አለች። «ተወው ቬንዴል» አለችኝ። «ይፍለጥ። ይሄኛውን ማንም የኔ ነው አይለው።»

ትራውጎት ግንዱን አዙሮ አቆመና መጥረቢያውን አነሳ። ጎመኔን ልሰበስብ ጎንበስ አልኩ።